ስለ ትዳር ኮሜዲ ፊልም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ድሬዳዋ ላይ ለሚጽፉና ለሚቀርጹ

ድሬዳዋ ተቀምጬ ስለ ባልና ሚስት የሚያስቅ ፊልም እየጻፍኩ መሆኔን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

የትዳር ኮሜዲ ከተለመደው የፍቅር ኮሜዲ በምን ይለያል?

ዘመዳሞች ናቸው፤ ጥያቄያቸው ግን አይገናኝም። የፍቅር ኮሜዲ «ይገናኙ ይሆን?» ይላል። የትዳር ኮሜዲ «እነዚህ ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ እንዴት ሊችሉት ነው?» ይላል። በመጀመሪያው እንቅፋቱ የሚመጣው ከውጭ ነው። አባት እምቢ ይላል፣ ሌላ ሰው መሀል ይገባል፣ ስልክ ይጠፋል። በሁለተኛው እንቅፋቱ አጠገባችሁ ተኝቶ ያንኮራፋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በፈረንጆቹ 1930ዎቹና 40ዎቹ ሆሊውድ ተፋትተው መልሰው የሚታረቁ ባልና ሚስቶችን ይዞ ብዙ አስቂኝ ፊልም ሠርቷል። ያኔ የሥነ ምግባር ደንቡ ጥብቅ ነበር። ባልና ሚስቱን እንኳ ሁለት አልጋ ላይ ነበር የሚያስተኟቸው። መነካካቱ ሲከለከል ሁሉ ነገር ወደ ንግግር ዞረ፤ ጭቅጭቁ ራሱ ፍቅር ሆነ። እኛ ዘንድ ያ ደንብ የለም፤ ግን ፊልም የምናየው ሳሎን ቁጭ ብለን ከአማታችን ጋር ነው። ውጤቱ ያው ነው።

ለምንድነው ብዙ ፊልሞች ሰርጉ ላይ የሚያልቁት?

ሰርግ ለካሜራ ምቹ ስለሆነ ነው። ልብሱ አለ፣ ሚዜው አለ፣ ዘፈኑ አለ። ጸሐፊውም ከዚያ በኋላ ያለውን ከማሰብ ይገላገላል።

እኔ ግን ከመልስ ማግስት ነው የምጀምረው። ድንኳኑ እየፈረሰ ነው። አከራዩ የፕላስቲክ ወንበር እየቆጠረ ነው። ሦስት ወንበር ጎደለ። የሙሽራው ወገን «በናንተ በኩል ነው የሄደው» ይላል፣ የሙሽሪት ወገንም እንደዚያው። ሙሽሮቹ እጃቸው ላይ ያለው ሂና ሳይለቅ የመጀመሪያ ጠባቸው ሦስት ወንበር ሆነ። ፊልሙ ከዚህ ከጀመረ ተመልካቹ ምን ዓይነት ቤት ውስጥ እንደገባ ወዲያው ይገባዋል።

ለምን ድሬዳዋ? አዲስ አበባ አይሻልም?

አዲስ አበባ ባልና ሚስት ሲጣሉ በር ይዘጋሉ። ድሬ በር አይዘጋም፤ ይሞቃላ! ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ በሩም መስኮቱም ወለል ይላል። ሲመሽ ደግሞ ሰዉ ፍራሹን ጎትቶ ግቢ ያድራል። እስቲ አዲስ ሙሽሮችን እዚያ ግቢ ውስጥ አስገቧቸው። በቀኝ አከራይዋ፣ በግራ የአከራይዋ ሦስት ወንዶች ልጆች፣ መሀል ላይ ከተጋቡ አሥራ አንድ ቀን የሆናቸው ሁለት ሰዎች። ቢንሾካሾኩ ይሰማል። ዝም ሲሉ ደግሞ ጠዋት አከራይዋ «ምነው ማታ ዝም አላችሁ፣ ደህና ናችሁ?» ትላለች።

የከተማዋ አቀማመጥም ታሪክ ያግዛል። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ቀጥ ቀጥ ባለ መንገድና በጥላ ዛፍ ተቀየሰ፤ መጋላ በገበያው ዙሪያ እየተጠማዘዘ አደገ። መሀላቸው ደቻቱ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ። የባል ቤተሰብ ከዚራ፣ የሚስት መጋላ ይሁን። ተኳርፋ እናቷ ቤት ስትሄድ በድልድዩ አትሄድም፤ አሸዋውን በእግሯ ትሻገራለች። እሱም ጃንጥላዋን ይዞ ከኋላ ከኋላ ይሄዳል፣ ሃምሳ ሜትር ርቀት ጠብቆ። ፀሐይ እንዳይመታት ይፈልጋል፣ መታረቅ ግን ገና አልፈለገም።

አንድ ነገር ብቻ። በ1998ቱ ጎርፍ ወገኑን ያጣ ሰው እዚሁ ሰፈር ውስጥ አለ። ደቻቱ ሲሞላ የሚያስቅ ነገር የለውም። ደረቁን ተጠቀሙ።

ሐረር ላይ ብንቀርጸውስ?

ሐረር ለትዳር ኮሜዲ ተብላ የተሠራች ነው የምትመስለው። ከድሬ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ግን የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ስትደርሱ ሹራብ ትፈልጋላችሁ። በሙቀት የተጣሉ ጥንዶች ብርድ ልብስ ላይ ሊጣሉ ይችላሉ ማለት ነው።

ዋናው ሀብት ግን በጁገል ግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ውስጥ ያለው የሐረሪ ባህላዊ ቤት ነው፣ ጌይ ጋር የሚሉት። ሳሎኑ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። አዲስ አማች ገብቶ የማይገባው መደብ ላይ ቢቀመጥ አንድ ቃል ሳይነገር ቤቱ ይናጋል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ደግሞ ለትዳር የደረሰች ልጅ እዚያ ቤት አለች ማለት ነው ይባላል። ይሄን የማያውቅ እንግዳ «ይሄን ምንጣፍ ለምን አታነጥፉትም?» ብሎ ቢጠይቅስ? ኪርታት የምትባል ጠባብ ክፍልም አለች። በድሮው ባህል አዲስ ተጋቢዎች ከሰርጉ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል እዚያች ውስጥ ይቆያሉ፣ ምግባቸውን በትንሽ መስኮት እየተቀበሉ። ሁለት ብዙም የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሰባት ቀን። እኔ ብሆን ፊልሙን በሙሉ እዚያ ውስጥ አስቀረው ነበር።

አፎቻንም አትርሱ። እድር ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ሐዘኑንም ሰርጉንም የሚይዝ የሐረሪዎች ማኅበር ነው። ሚስት አኩርፋ ሦስት ቀን ብትጠፋ፣ የሴቶቹ አፎቻ ምክንያቱን ከባልየው ቀድሞ ያውቃል። ደግሞ እባካችሁ፣ ጅብ ማብላቱን ተዉት። ያልቀረጸው የለም።

ባልና ሚስቱ በምን ይጣሉ? ትልቅ ጉዳይ አያስፈልግም?

አያስፈልግም። ትልቅ ጉዳይ ድራማ ይሆናል። ኮሜዲ የሚፈልገው ትንሽ ዕቃ ነው፣ ሁለቱም የሚነኩት፣ በየቀኑ የሚታይ። የኔ ፋን ናት።

ቤቱ ውስጥ አንድ የቁም ፋን አለች። ከኋላዋ ትንሽ መጫኛ አላት፤ ወደ ታች ስትጫኑት ግራና ቀኝ ትዞራለች፣ ወደ ላይ ስትስቡት ባለችበት ትቆማለች። ሌሊት ነው። ባል ቀስ ብሎ እጁን ዘርግቶ መጫኛውን ይስበዋል፤ ንፋሱ እሱ ላይ ቀረ። ሚስት ዓይኗን ሳትገልጥ ትጫነዋለች። ይስባል። ትጫናለች። አንድ ቃል የለም። አራተኛው ላይ እጆቻቸው እዚያች መጫኛ ላይ ይገናኛሉ፣ ሁለቱም የተኙ ይመስላሉ። ከዚያ መብራት ይሄዳል። ፋኗ ኧ… ኧ… እያለች ትቆማለች። ጨለማ። ትንሽ ቆይቶ የስፌት ማራገቢያ ድምፅ ይሰማል፣ ፍስ ፍስ። መብራቱ ሲመጣ እያራገበ ያለው እሱ ነው፣ እሷን። በሩጫ ማራገቢያውን ከትራሱ ሥር ይደብቃል። ሦስት ገጽ ሙሉ ያለ ንግግር ጻፍኩት፤ ካነበቡልኝ ሰዎች አንዱም «ለምን አይናገሩም?» አላለኝም።

ሌላ ጥሩ ዕቃ የሰርግ ስጦታ የተመዘገበበት ደብተር ነው። ማን ስንት አስገባ፣ ለማን ስንት ይመለሳል። ባል «ይሄማ ስጦታ ነው» ይላል፤ ሚስት «ብድር ነው፣ ቀኑ ብቻ ነው ያልተጻፈው» ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዳቸው ብቻ ልክ የሆኑበት ጠብ ካለ ስክሪፕቱ ላይ ሰርዙት። ሳቁ የሚመጣው ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ሆኖ መፍረድ ሲያቅተው ነው።

አማት የግድ ክፉ መሆን አለባት?

በጭራሽ። ክፉ አማት ታይታ ታይታ አልቃለች። በጣም የምትወድ አማት ጻፉ። በየማለዳው ትኩስ ፈጢራ ይዛ ሳትጠራ ከተፍ የምትል። ምራቷ አንድም ቀን ቁርስ ሠርታ አታውቅም፤ ልትሠራ ስትነሳ ፈጢራው ደርሷል። በምን አፏ ትከሳታለች?

የጫት ትዕይንት ይግባ ወይስ ይቅር?

ድሬን ጽፋችሁ በርጫን ካላስገባችሁ ውሸት ነው። ከቀትር በኋላ ሱቅ ይዘጋል፤ ከተማው ወይ ይተኛል ወይ ይቅማል። የአወዳይ ጫት በጊዜው ካልደረሰ የሰው ፊት ይለወጣል። ግን ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ጫትን የችግር ሁሉ ሥር አድርጎ መስበክ ነው። ሁለተኛው ፍራሽና ፔርሙዝ ደርድሮ ለጌጥ ማሳየት። ሁለቱም አያስቁም።

የሚያስቀው የምርቃና ዕቅድ ነው። ባል አሥር ሰዓት ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ይሠራል፣ ከጅቡቲ ዕቃ ያስመጣል፣ የሚስቱን እህት ልጆች ውጭ አገር ልኮ ያስተምራል። አንድ ሰዓት ላይ ምርቃናውን ሊሰብር ጨብሲ ሲል ሁሉም ፈርሷል። ሚስቱ ግን በየቀኑ የሚለውን ቀን እየጻፈች ደብተር ላይ ትይዛለች። አንድ ጠዋት ደብተሩን ሻዩ ጎን አስቀምጣ፣ «ሰኞ ዕለት መኪና ገዝተህልኝ ነበር፣ የት ነው ያቆምከው?» ትለዋለች። ለነገሩ ድሬ ላይ የሚቅሙት ወንዶች ብቻ አይደሉም። የሚስትየው ጓደኞች በርጫ ላይ የሚያወጡት ዕቅድ ከባልየው ቢብስ አይገርመኝም።

ፊልሙ በምን ቋንቋ ይሁን?

በአማርኛ፣ ግን በድሬ አማርኛ። እዚህ ሰው አንድ ወሬ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ያስገባል፤ ሐረሪ ካለበት አራት ይሆናል። ባጃጅ የሚጠራው በ«ዋሪያ» ነው፣ ልጅ የሚጠራው በ«ኮቱ» ነው፣ መሐላው «ወላሂ» ነው፣ ክርስቲያኑም ሳይቀር። ባልየው ከሚስቱ ቤተሰብ ቋንቋ የሚያውቀው «ብላ»ን፣ «ና»ን እና «ዝም በል»ን ብቻ ቢሆን፣ በእነዚያ ሦስት ቃላት አንድ ሙሉ የቤተሰብ ስብሰባ ማለፍ ይችላል። «አቦ»ን ግን ቆጥቡ። በየመስመሩ «አቦ» የሚል የድሬ ልጅ ያለው ሌላ ከተማ በተጻፈ ስክሪፕት ውስጥ ብቻ ነው።

ከቃላቱ ይልቅ አንቱታው ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ሐረርና ድሬ አካባቢ ያደገ ሰው ታላቁንም «አንተ»፣ «አንቺ» ይላል። ንቀት የለበትም፤ እንዲያውም መቅረብ ነው። ጎንደር ያደገ ሙሽራ ታዲያ እዚህ መጥቶ አማቱን «እርስዎ» ይላል። አማት ይከፋታል። ሳምንት ሙሉ ታስባለች። በመጨረሻ ልጇን ጠርታ «ይሄ ልጅ ምን አድርጌው ነው እንደ ባዕድ የሚያናግረኝ?» ትላለች። እሱ ደግሞ በዚያኛው ክፍል፣ ሚስቱ እናቱን በስልክ «አንቺ ደህና ነሽ?» ስትል ሰምቶ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ከዚህ አንድ ስህተት ብቻ የአርባ ደቂቃ ፊልም ይወጣል። ተዋንያኑን ከአዲስ አበባ የምታመጡ ከሆነ መጀመሪያ ይሄን አስተምሯቸው።

ቀረጻ ላይ ምን ያስቸግራል?

ድምፅ። ፋን ካልጠፋ ድምፅ አይቀዳም፤ ፋን ከጠፋ ደግሞ የተዋናይዋ ሜካፕ አገጯ ላይ ይደርሳል። አንድ ትዕይንት ልሞክር ብዬ ጓደኛዬ ቤት ገብቼ ነበር። ፋኑን አጠፋን፣ ባጃጅ አለፈ። ባጃጁ ሄደ፣ አዛን ሆነ። አዛኑ አለቀ፣ የጎረቤት ልጅ «ጨረሳችሁ?» ብሎ በመስኮት ብቅ አለ። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ትዕይንት ግማሽ ቀን ፈጀ።

በማለዳ፣ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ቅረጹ። ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ሰውም ገና አልተማረረም። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ አናት ላይ ይሆንና ፊት ላይ ጥላ ይጥላል። የቀፊራን ገበያ መቅረጽ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ባለ ሱቆቹን አናግሩ። ካላናገራችሁ ከጀርባ ያለው ሰው ሁሉ ካሜራውን ያያል፤ የሚጣሉት ባልና ሚስት ብቻ ናቸው የማያዩት።

ልብሱን ደግሞ ቀላል አድርጉት። ቤት ውስጥ እሱ ሽርጥ፣ እሷ ሺቲ። ድሬ ላይ ቤቱ ውስጥ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ የሚቀመጥ ባል ያየ ተመልካች ፊልሙን ማመን ያቆማል።

የመጨረሻው የዕርቅ ሩጫ ባቡር ጣቢያ ይሁን?

ያምራል፣ ግን ተጠንቀቁ። ከተማው መሀል ያለው አሮጌው ለገሀር ለዓይን ምርጥ ነው፤ የአዲስ አበባው ባቡር ግን ዛሬ የሚነሳው ከከተማው ወጣ ካለው አዲሱ ጣቢያ ነው። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኤሌክትሪኩ መስመር ማለት ነው። ሚስት ሻንጣ ይዛ አሮጌው ጣቢያ ላይ ባቡር ስትጠብቅ ካሳያችሁ የድሬ ሰው ይስቅባችኋል፣ ባላሰባችሁት ቦታ።

ወይም ስህተቱን ራሱን ተጠቀሙበት። ባል ስንትና ስንት የፍቅር ፊልም አይቶ አሮጌው ለገሀር ይሮጣል። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ «ወንድሜ፣ ከዚህ የምትሄድበት የለም» ይለዋል። ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ የዋጋ ክርክር። ሚስቱ ልታመልጠው፣ ባልየው ብር ላይ ይከራከራል። እሷም ስትሰማ በዚህ ነው የምታውቀው፣ እሱ መሆኑን።

ክርስቲያንና ሙስሊም ቤተሰብ በአንድ ፊልም ውስጥ ማስገባት አያስፈራም?

ያስፈራል፤ ግን ድሬ ላይ ካላስገባችሁት ከተማው ጎደለ። የምመክረው እምነቱን ሳይሆን ኩሽናውን እንድታስቁ ነው። ሰርግ ላይ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ ለየብቻ ይቀርባል። ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ያከብራል። ጭልፋው የተቀላቀለ ለታ ግን ሁለት አክስቶች እርስ በርስ ይቅርታ ሲጠያየቁ ያመሻሉ። የሚያስቀው ይቅርታው ነው፣ ጭልፋው አይደለም።

እኔ የያዝኩት በ2017 ዓ.ም ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው የገቡበትን ጊዜ ነው። ባልየው ቀን አይበላም፣ ማታ የፈለገውን። ሚስትየው ሥጋና ወተት አትነካም። ሁለቱም ለሌላው ሊያዝኑ ይሞክራሉ፤ ሁለቱም ርቧቸዋል። ሁለቱንም የሚያገናኝ አንድ ምግብ ብቻ ይገኛል፣ የምስር ሳምቡሳ። ለጾሙ ይሆናል፣ ለማፍጠሪያም ይሆናል። በሃያ ሦስተኛው ቀን ሳምቡሳ የሚል ቃል ሲሰማ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ይሄን ትዕይንት ለአንድ ቄስና ለአንድ ሼህ አስነበብኩት። ሁለቱም ሳቁ። ሼሁ ጨምረው «ሾርባውን የት አደረሳችሁት?» አሉኝ፤ ልክ ናቸው፣ አስገባሁት።

ፊልሙ ውስጥ ፍቺ ካለ ሕጉ እንዴት ነው? ፍርድ ቤት ውስጥ በአንድ ትዕይንት ይፋታሉ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ስክሪፕት የሚዋሸው። ድሬዳዋ የምትጠቀመው የፌዴራሉን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992። ሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ስለዚህ ጥንዶቹ የት እንደሚኖሩ አስቀድማችሁ ወስኑ። ሙስሊም ጥንዶች ከሆኑ ሁለቱም ፈቅደው ጉዳያቸውን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላሉ፤ አንዱ እምቢ ካለ ግን አይሆንም። ድሮ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፍቺ የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። አሁን ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም። የሚያፋታው ፍርድ ቤት ነው።

አሁን ደስ የሚለው ክፍል። ባልና ሚስት ልንፋታ ነው ብለው ሲቀርቡ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ሐሳባቸውን እንዲለውጡ ያነጋግራቸዋል። ካልሆነለት ከ3 ወር ያልበለጠ ማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ልብ በሉ፤ ሊፋቱ የወሰኑ ሁለት ሰዎች፣ ቤት መከራየት የማይችሉ፣ አንድ ጣሪያ ሥር፣ ሦስት ወር። ሕጉ ራሱ የፊልሙን መሀል ጽፎ ሰጥቷችኋል። አንዳንዴ ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ውስጥ አንድ ኮሜዲ ወዳጅ ነበረ እላለሁ።

ንብረት ላይ ደግሞ ከጋብቻ በፊት የነበራችሁ የግላችሁ ነው፤ በጋብቻ ጊዜ የተፈራው የጋራ። አንድ ዕቃ የግሌ ነው የሚል ሰው ማስረዳት አለበት፤ ካላስረዳ የጋራ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ታዲያ ፋኗስ? በስክሪፕቴ ፋኗን ሚስት ነች የገዛቻት፣ ከሰርጉ አንድ ሳምንት በፊት፣ ታይዋን ገበያ። ደረሰኙ ካለ የሷ፣ ከጠፋ የሁለቱም። ስለዚህ ሦስቱን ወር ሙሉ ሚስት ደረሰኝ ትፈልጋለች፣ ባል ደረሰኝ ይደብቃል። የት እንደደበቀው አልነግራችሁም፤ ፊልሙን እዩ። እናንተ የምትጽፉትን ግን ለጠበቃ አስነብቡ፤ ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው።

ባል ሚስቱን በጥፊ ሲላት፣ ወይም እሷ እሱን፣ ድሮ ያስቅ ነበር። ዛሬስ?

እኔን ድሮም አላሳቀኝም። አዳራሽ ውስጥ ሰው የሚስቀው ሲደነግጥም ነው፤ ያንን ሳቅ እንደ ድል አትቁጠሩት። ከ1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በአንቀጽ 564 ለይቶ ይጠቅሰዋል። ፊልማችሁ ውስጥ ጥፊ ካለ ከዚያ ደቂቃ በኋላ ኮሜዲ መሆኑ ቀርቷል፤ ወደ ሳምቡሳው መመለስ አትችሉም። ሚስት ባሏን በመጥረጊያ ስታባርር ማሳየትም ያው ነው፣ ዋጋው ትንሽ ረከስ ቢልም። ቁጣ ማሳየት ከፈለጋችሁ ዕቃ አለላችሁ። የተናደደ ሰው ሽንኩርት ሲከትፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የራሴን ትዳር ብጽፍ ባለቤቴ ምን ይላል?

ይሄን ጥያቄ ቀስ ብለው ነው የሚጠይቁኝ፣ ብዙ ጊዜ ሰው ከሄደ በኋላ። መልሱ፣ ያውቃል ነው። ስም ብትለውጡ፣ ሰፈር ብትለውጡ፣ ከሳቢያን ወደ ገንደ ቆሬ ብታዛውሩት ያውቃል። ስለዚህ አስቀድማችሁ አስነብቡት። ሁለት ነገር ብቻ አታስገቡ፤ አምኖ የነገራችሁን ምስጢርና ቤተሰቡን የሚያሳፍር ነገር። ማንኮራፋቱን፣ ሽርጡን፣ የባጃጅ ክርክሩን አስገቡ። እነዚህን ጎረቤቱም ያውቃቸዋል። ሌላው፣ ራሳችሁን ከሱ የበለጠ አስቂኝ አድርጉ። ባል ብቻ የሚሳቅበት በሚስት የተጻፈ ስክሪፕት የአቤቱታ ደብዳቤ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ረቂቅ ለባለቤቴ ስሰጠው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በርጫውን ትቶ ሁለት ከሰዓት አነበበው። የማንኮራፋቱ ትዕይንት ላይ ምንም አላለም። አማቱ ላይ ሳቀ። ደቻቱን ጃንጥላ ይዞ ሲከተለኝ ያለው ላይ ትንሽ ዝም አለ። ጨርሶ ወረቀቱን አስተካክሎ ሲመልስልኝ አንድ ስህተት ብቻ ነው ያገኘሁት አለ፤ ፋኗን የገዛኋት እኔ ነኝ።

ደረሰኙን እስካሁን እየፈለገ ነው።